ለተጠላ ገዥ ጠበቃ መሆን ይገባልን?

አንባቢ ሆይ፥ ከጥቂት ጊዜ በፊት የሕግ ትምህርቱን የጨረሰ አንድ ወጣት ወደ ቤቴ መጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «መምህር፥ አንድ ታላቅ ባለሥልጣን ጠበቃ ሁነኝ ብሎ ልኮብኛል። የከተማው ሰው እኩሌታው ይመርቀዋል፥ እኩሌታው ይረግመዋል። ጓደኞቼ ከእርሱ ጋር የቆመ ሁሉ የኀጢአቱ ተካፋይ ነው ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ጠበቃ እንጀራውን ይበላል እንጂ የባለጉዳዩን ነፍስ አይመረምርም ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔ የወንጌል አስተማሪ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ በዚያ ቀን የመለስሁለት ቃል ጥቂት ነበረ። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣ ስላለኝ፥ በሌሎች አገሮች ስለ ሆነው ያነበብሁትን ሰብስቤ እንደገና አሰብሁት። ኋላም ለእርሱ የነገርሁትን እንሆ ለአንተ እጽፋለሁ፤ ነገረ ፈጅ ባትሆንም፥ በጸሐፊነት ወይም በሒሳብ ሹምነት ወይም በአማካሪነት ለኀይለኛ ሰው የምታገለግል ልትሆን ትችላለህና። የውጭውን አገር ዓመት በኤውሮጳ አቆጣጠር፥ የአገራችንን ግን በአገራችን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

አስቀድመን የጓደኞቹን ቃል እንመርምር። ለተጠላ ሰው በዳኛ ፊት መቆም በራሱ ኀጢአት ነውን? አይደለም። ዳኛ ሁለት ጆሮ የተሰጠው አንዱን ለከሳሽ ሁለተኛውን ለተከሳሽ እንዲሰጥ ነው፤ ተከሳሹን የሚናገርለት ከሌለ ግን ዳኛው በአንድ ጆሮው ደንቆሮ ሆኖ ይፈርዳል። በ1792 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮተኞች ንጉሡን ሉዊ 16ኛን ከዙፋኑ አውርደው ለፍርድ ባቀረቡት ጊዜ፥ ለእርሱ መከራከር ለራስ ሞትን መጥራት ነበረ። በዚያን ጊዜ ማልዜርብ የሚባል የ71 ዓመት ሽማግሌ እኔ እቆምለታለሁ ብሎ በፈቃዱ ተነሣ። ይህ ሰው የንጉሥ ሎሌ ብቻ ሆኖ የኖረ አልነበረም፤ በቀደመው ንጉሥ ዘመን ስለ ግብርና ስለ ፍርድ መበላሸት በድፍረት ተቃውሞ ስለ ጻፈ፥ በ1771 ከከተማ ወጥቶ በርስቱ እንዲቀመጥ ተፈርዶበት ነበር። ንጉሡ ብርቱ ሳለ ገሠጸው፤ በወደቀ ጊዜ ግን ጠበቃ ሆነው። ንጉሡ በ1793 ተገደለ፤ ማልዜርብም በሚያዝያ ወር 1794 ከልጁና ከልጅ ልጁ ጋር አንገቱን ተቈረጠ። እንግዲህ ይህን ሽማግሌ የንጉሡ ኀጢአት ተካፋይ ነው የሚለው ማን ነው?

በአሜሪካም በ1770 የእንግሊዝ ወታደሮች በቦስተን ከተማ አምስት ሰዎችን ተኩሰው በገደሉ ጊዜ፥ ጆን አዳምስ ጠበቃ ሆነላቸው። አዳምስ የእንግሊዝን አገዛዝ የሚቃወም ሰው ነበረ፤ ሆኖም ማስረጃውን በሥርዓት አቀረበ፥ አብዛኞቹም ነጻ ወጡ። ያ ሕዝብ ይህን አልረሳም፥ በኋላም ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጠው።

ነገር ግን ወደ ሩቅ አገር ለምን እንሄዳለን? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከእነርሱም አንዱ በፈረንሳይ አገር ሕግን የተማረው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። የሕግ ተማሪ የነበረው ሰው ዳኛም ጠበቃም ሳያይ ሞተ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1987 ዓ.ም. የደርግ ሹማምንት ራሳቸው በችሎት ቆሙ፤ ጠበቃ ለመያዝ ዐቅም ላጡትም መንግሥት ተከላካይ አቆመላቸው። አባቱ ወይም ወንድሙ በደርግ ዘመን የተገደለበት ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ቢቃጠል አልፈርድበትም። ነገር ግን እነዚያ ተከላካዮች ባይኖሩ ኖሮ፥ በ1999 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ ከኅዳሩ ሌሊት በምን ይለይ ነበር? ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በችሎት ለተጠላ ሰው የሚቆመውን ጠበቃ በመንገድ ስታገኘው አትስደበው፤ አንተም ነገ በሐሰት ብትከሰስ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ደፋር ነው።

ይህን ብል ግን የአባትየው ቃል ሙሉ እውነት ነው ማለቴ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ሊቀ ካህናቱና ሽማግሎቹ በጳውሎስ ላይ ይዘውት የመጡ ጠርጠሉስ የሚባል ጠበቃ አለ። በደሉ ለእነርሱ መቆሙ አልነበረም። አስቀድሞ ገዥውን በምስጋና ቃል አለሰለሰው፥ ቀጥሎም ሊያስረዳ የማይችለውን ክስ አወረደ፤ በደሉ ይህ ነው። እንጀራውን በልቷል፤ የተናገረው ቃል ግን የእንጀራ ሰጪዎቹ ብቻ ሳይሆን የራሱም ነበረ። ምላስ ይከራያል ቢባል እንኳ ከአፍ ተነቅሎ አይሄድም።

አሁን ነገሩ ወደሚከብድበት ስፍራ ደርሰናል። ጠበቃ የሚያገለግልባቸው ሁለት ቤቶች አሉ፤ አንዱ ችሎት፥ ሁለተኛው እልፍኝ ነው። በችሎት ያለው ጠበቃ ስለ ሆነና ስላለፈ ነገር ይከራከራል፤ ቃሉን ዳኛ ይሰማዋል፥ ባላጋራውም ይመልስለታል። በእልፍኝ ያለው ግን ገና ስላልሆነ ነገር ይመክራል፤ ቃሉን ገዥው ብቻ ይሰማዋል፥ የሚመልስለትም የለም። የሕግ ሰዎች ብዙ ጊዜ የወደቁት በእልፍኝ ነው። ለዚህም የአሜሪካው የዋተርጌት ነገር ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል።

በሰኔ ወር 1972 በዋሽንግቶን ከተማ ዋተርጌት በሚባለው ሕንፃ ወደ ተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው የገቡ አምስት ሰዎች ተያዙ። ፕሬዚዳንቱ ሪቻርድ ኒክሰን ራሱ የሕግ ሰው ነበረ፤ በዙሪያውም የሕግ ሰዎች ሞልተው ነበር። ጆን ሚቸል የአገሪቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረ፥ ኋላም የፕሬዚዳንቱን የምርጫ ኮሚቴ የመራ ነው። ጆን ዲን የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት የሕግ አማካሪ ነበረ፤ ይህን ሹመት ሲቀበል ዕድሜው 31 ነው። ለተያዙት ሰዎች አፋቸውን እንዲዘጉ ገንዘብ በስውር ተከፈለ፥ ምስክሮችም ምን እንደሚሉ ተመከሩ፤ ይህን ያደረጉትም ሕግ የማያውቁ ወንበዶች አልነበሩም። በ1973 ዲን በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፊት ሲመሰክር፥ በነገሩ ሊከሰሱ ይችላሉ ብሎ ያሰባቸውን ሰዎች ስም እንደ ዘረዘረ፥ በሕግ ሰዎቹም ስም ላይ ምልክት እንዳደረገ ተናገረ። ምልክቱ ብዙ ስለ ሆነ እርሱ ራሱ ደነገጠ። ዲን ጥፋቱን አምኖ ታሰረ። ሚቸል በሐሰት መሐላና ፍርድን በማሰናከል ተፈርዶበት 19 ወር በወኅኒ ተቀመጠ፤ በአሜሪካ ታሪክ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሰው ሲታሰር ይህ የመጀመሪያው ነው። ኒክሰንም ከሥልጣኑ ከወረደ በኋላ በ1976 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ስሙን ከጠበቆች መዝገብ ፋቀው።

እነዚህ ሁሉ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተው ዛሬ ሕግን እናፍርስ አላሉም። የኤጊል ክሮግን ታሪክ ስማ። ይህ ሰው በጓደኞቹ ዘንድ በጨዋነቱ የታወቀ ወጣት የሕግ ሰው ነበረ። በ1971 ዳንኤል ኤልስበርግ ስለ ቪየትናም ጦርነት የተጻፈውን የመንግሥት ምስጢር ለጋዜጦች በሰጠ ጊዜ፥ ምስጢር የሚያወጡትን የሚከታተል ቡድን እንዲመራ ክሮግ ታዘዘ። ዕድሜው 31 ዓመት ነበረ። የዚያ ቡድን ሰዎች ኤልስበርግን የሚያዋርድ ነገር እናገኛለን ብለው በካሊፎርንያ ያለውን የሐኪሙን ቢሮ በሌሊት ሰበሩ፤ የሚጠቅም ነገርም አላገኙም። ክሮግ ይህን የፈቀደው ስለ ገንዘብ አልነበረም። «የአገር ደኅንነት» የሚለው ቃል በጆሮው ገብቶ፥ በትምህርት ቤት የተማረውን ጥያቄ ሁሉ ዝም አሰኘበት። ሕጉ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ለአገር አለመታመን መሰለው።

ወንድሜ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆይ። የገዥ እልፍኝ ሰውን የሚያታልለው በጉቦ ብቻ አይደለም። ታላቅ ነገር እንድትሠራ ተመርጠሃል፥ ሌላው ሰው የማያውቀውን አንተ ታውቃለህ፥ ጠላት በደጅ ነው በማለት ያታልላል። ጉቦውን የሚገፋ ብዙ ወጣት አለ፤ ይህን መታመን ግን የሚገፋ ጥቂት ነው። እኔም በወጣትነቴ የታላቅ ሰው ደብዳቤ ጸሐፊ ብሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም።

ክሮግ በመጀመሪያ በመሐላ ዋሸ። በኋላ ግን ሕሊናው አላስቀመጠውም። በ1973 መጨረሻ፥ ስለ አገር ደኅንነት ያደረግሁት ነው ብሎ መከራከር ሲችል ያን ትቶ፥ የሐኪሙን መብት ለመድፈር በመተባበሩ በደለኛ መሆኑን አመነ። አራት ወር ተኩል ያህል ታሰረ፤ በ1975 ከጠበቆች መዝገብ ተፋቀ፥ በ1980ም ተመልሶ ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ በሽምግልናው ዘመን ሁሉ ይህንኑ ነገር ለወጣት የሕግ ሰዎች ሲያስተምር ኖረ።

እንግዲህ የእልፍኝ ጠበቃ ጌታው ማን ነው? በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። ሆኖም በዚያው አገር ማንም መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሲጮኽ ኀይለኛው ይቆም ነበር፤ ሕግ ከሰው በላይ የቆመ ጌታ እንዳለው አባቶቻችን ያውቁ ነበርና። የመንግሥት የሕግ ሰው የሚያገለግለው ወንበሩን ነው፥ በወንበሩ የተቀመጠውን ሰው የሚያገለግለው ስለ ወንበሩ ነው። ደመወዙ ከሕዝብ ግብር የሚወጣው ስለዚህ ነው። ይህን ያልለየ ሰው፥ ለሹሙ ሥጋ መታመንን ለመንግሥት መታመን አድርጎ ይቈጥረዋል።

ኤሊየት ሪቻርድሰን ይህን ለየ። በ1973 ዋና ዐቃቤ ሕግ ሲሾም፥ ነገሩን የሚመረምረውን ልዩ ዐቃቤ ሕግ አርቺባልድ ኮክስን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሽር ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ቃል ገባ። በጥቅምት ወር ኮክስ ፕሬዚዳንቱ በድብቅ የቀዳቸውን የንግግር ቴፖች አምጣ ባለ ጊዜ፥ ኒክሰን ሪቻርድሰንን ኮክስን ሻር ብሎ አዘዘው። ሪቻርድሰን ሹመቱን አስረከበ። ምክትሉ ዊልያም ራከልስሃውስም እምቢ ብሎ ወጣ። ትእዛዙን የፈጸመው ሦስተኛው ሹም ሮበርት ቦርክ ነው። ቦርክን ብዙ ሰው ያወግዘዋል፤ እኔ ግን ፈጥኜ አልፈርድበትም። እርሱ ለሕዝብ እንዲህ ያለ ቃል አልገባም ነበር፤ ሪቻርድሰንም ራሱ መሥሪያ ቤቱ ባዶ እንዳይቀር አንተ አትልቀቅ ብሎ መክሮታል። ምርመራውም አልጠፋም፥ በአዲሱ ልዩ ዐቃቤ ሕግ እጅ ቀጠለ። በአንድ ሌሊት ሦስት የሕግ ሰዎች አንድ ትእዛዝ መጣላቸው፤ የእያንዳንዱ ግዴታ ግን ቀድሞ በሰጠው ቃል ልክ ነበረ።

በችሎትና በእልፍኝ መካከል ስለ ቆመ ሰውም ልንገርህ። በ1974 ኒክሰን ከቦስተን ጄምስ ሴይንት ክሌር የሚባል የታወቀ ጠበቃ አስመጣ። እርሱም ለፕሬዚዳንቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤት በግልጥ ተከራከረ፤ በሐምሌ ወር ስምንቱም ዳኞች በአንድ ቃል ፈረዱበት፥ ቴፖቹም እንዲሰጡ ታዘዘ። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር አላይበትም፤ ለተጠላ ሰው ተከራክሮ ተረታ፥ ይህ የጠበቃ ሥራ ነው። ከቴፖቹ በአንዱ ግን ፕሬዚዳንቱ ሰባሪዎቹ በተያዙ በስድስተኛው ቀን ምርመራውን ለማስቆም መፍቀዱ ይሰማ ነበር። ሴይንት ክሌር ይህን አስቀድሞ አልሰማም፤ ባለማወቅም ተቃራኒውን ሲናገር ቆይቷል። የቃሉን ጽሑፍ ባነበበ ጊዜ፥ ይህ ለሕዝብ ይገለጥ ብለው ከጸኑት አንዱ እርሱ ሆነ። ነሐሴ 5 ቀን ተገለጠ፤ በ9ኛውም ቀን ኒክሰን ሥልጣኑን ለቀቀ።

ሴይንት ክሌር በመጨረሻው ያደረገው መልካም ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ቴፖቹን ሳይሰማ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ተከራከረ? ባለጉዳዩ አትክፈት ያለውን ሣጥን ሳይከፍት በውስጡ ምንም የለም ብሎ ለዳኛ የሚናገር ጠበቃ አልዋሸም ይባል ይሆናል፤ እውነትን ግን አልፈለገም። የጠበቃ ዝምታ ሕግ የሚጠብቀው መብት ነው፤ ባለጉዳዩ ያለፈውን ጥፋቱን የነገረውን ምስጢር አውጥቶ ይስጥ የሚል የለም። ሐሰት መናገርና ለሚመጣው ወንጀል መንገድ መጥረግ ግን በምስጢር ስም አይሸፈንም።

ሐሰትን ከተናገርን ዘንድ፥ በቅርቡ የሆነውንም አልተወውም። በ2020 ዶናልድ ትራምፕ በምርጫ በተሸነፈ ጊዜ ጠበቃው ሩዶልፍ ጁሊያኒ ነበረ፤ ይህም ሰው ቀድሞ በኒው ዮርክ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ፥ ኋላም የከተማይቱ ከንቲባ ነበረ። በአደባባይ ታላቅ ማጭበርበር ተደርጓል እያለ ተናገረ፤ በፔንሲልቫንያ ዳኛው ሲጠይቀው ግን ይህ የማጭበርበር ክስ አይደለም ብሎ መለሰ። በ2024 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ስለ ምርጫው በተናገረው ሐሰት ምክንያት ከጠበቆች መዝገብ ፋቀው። ልብ አድርግ፤ ለትራምፕ በመቆሙ አልተፋቀም። ለዚያው ሰው የቆሙ ብዙ ጠበቆች ዛሬም በሥራቸው አሉ።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፥ «እኔ እምቢ ብል ከእኔ የባሰው ይገባ የለምን?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በጀርመን አገር ፍራንዝ ሽሌገልበርገር የሚባል የተማረ የሕግ ሰው በ1941ና በ1942 የፍርድ ሚኒስቴርን ሥራ ይመራ ነበር። በ1947 በኑረምበርግ ለፍርድ ሲቀርብ መከራከሪያው ይኸው ነበረ፤ ብለቅ ኖሮ የባሰ ይመጣ ነበር አለ። በእርግጥም ሲለቅ የባሰ መጣ። ነገር ግን በወንበሩ ሳለ ምን አደረገ? አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ እንቁላል ሸሽገሃል ተብሎ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈርዶበት ነበር፤ ሂትለር ይህን በጋዜጣ አንብቦ ቅጣቱ ሞት ይሁን ባለ ጊዜ፥ ሽሌገልበርገር ሰውየውን እንዲገድሉት ለምስጢር ፖሊስ አስረከበ፥ ማስረከቡንም በትሕትና ጻፈ። ከእርሱ የባሰው ቢመጣ ለዚያ ሽማግሌ ምን ይጨመርበት ነበር? ፍርድ ቤቱ ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም ተለቀቀ።

በዚያው አገር ሎታር ክራይሲግ የሚባል የብራንደንቡርግ ዳኛ ነበረ፥ በእምነቱም የጸና ክርስቲያን ነው። በ1940 እርሱ በአደራ የሚጠብቃቸው የአእምሮ ሕመምተኞች ተወስደው እንደሚሞቱ ዐወቀ። ለፍርድ ሚኒስትሩ ጻፈ፤ ያለ እኔ ፈቃድ ሕመምተኞቹን እንዳታንቀሳቅሱ ብሎ ሆስፒታሎቹን ከለከለ፤ ግድያውን የሚመራውንም ሹም በነፍስ ግድያ ከሰሰ። የመሪው ፈቃድ ሕግ ነው ቢሉት አልተቀበለም። በጡረታ አስወጡት እንጂ አልገደሉትም፤ እስከ 1986ም ኖረ። በወንበር መቆየት የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የያዙትን በር ዘግቶ ለመቆም።

«ልጆች ቢኖሩኝስ?» አለኝ ደግሞ። ለዚህ ቀላል መልስ አልነበረኝም። ሪቻርድሰን ሥልጣኑን ሲለቅ የሚራብ ሰው አልነበረም። ለድኻ እምቢታ ከባለጸጋ እምቢታ ይልቅ ዋጋው ይከብዳል፥ ይህን ያላየ ሰባኪ ሰውን ያለ ስንቅ መንገድ ይሰድዳል። ስለዚህ ምንደኛ ሳትሆን፥ ዛሬ፥ ገና ደመወዙን ሳትለምድ፥ የማትፈርምበትን ነገር በወረቀት ጽፈህ አስቀምጥ፤ የአንድ ዓመት ቀለብም ቀስ በቀስ አጠራቅም አልሁት። ለሰውየውም ከመግባትህ አስቀድሞ ንገረው አልሁት።

ወጣቱ ሄዶ ነገረው። ባለሥልጣኑ ሳቀና ለፍርድ ቤት ጉዳዬ ብቻ ቁምልኝ አለው፤ እርሱም ተቀበለ። ሰባት ወር ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ማታ መጣ። በኪሱ የታጠፈ ወረቀት ነበረ፤ በአንድ ቀበሌ ያሉ ሰዎች ከይዞታቸው እንዲነሡ የሚያደርግ፥ ሕጋዊ ነው ብሎ እንዲፈርምበት የተሰጠው አስተያየት። ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ተጽፎበታል። ቡና ጠጣን፥ ስለ ሌላ ነገርም ብዙ ተጫወትን፤ ወረቀቱን ግን ሁለተኛ አላነሣንም። በማግሥቱ ሳይፈርም፥ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጽፎ መለሰው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አላነጋገረውም። በሦስተኛው ሳምንት የባለሥልጣኑ የክስ ቀጠሮ ስለ ደረሰ መዝገቡን ይዞ ወደ ችሎት ሄደ፥ ለዚያው ሰውም ተከራከረለት።